አርባ ከብት በመሳቢያ

በቤተሰብ ውስጥ አንድ ጊዜ የተቀረቀረ ወረቀት ከፕሪንተር ስቦ ያወጣ ሰው ዕድሜ ልኩን መሐንዲስ ነው። እኔ ኮምቦልቻ የኮምፒውተር መምህር ነኝ፤ ዘመዶቼ ዘንድ ግን ሶኬት ያለው ነገር ሁሉ የእኔ ዕዳ ነው። ቴሌቪዥን ጠግኛለሁ፣ የውኃ ፓምፕ ጠግኛለሁ፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም ሶኬት የሌለው የስፌት መኪና ቀርቦልኛል። ስለዚህ የአጎቴ ልጅ ከጨፋ ሮቢት ደውሎ «የከብት አንባቢ መጥቶልኛል፤ ና ግጠምልኝ» ሲለኝ አልደነገጥኩም። ከብት የሚያነብ ዕቃ ከተገኘ፣ ተማሪዎቼም አንድ ቀን ያነባሉ ብዬ ተስፋ አደረግሁ እንጂ።

የአጎቴ ልጅ በ2006 ዓ.ም. ከሳውዲ ዐረቢያ ከተመለሱት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን አንዱ ነው። ሲመለስ የያዘው አንድ ፌስታልና አንድ ሐሳብ ነበር። ፌስታሉ ቶሎ ተቀደደ፤ ሐሳቡ ግን ከረመ። እዚያ ይሠራበት በነበረው የወተት እርባታ ላሞቹ አንገታቸው ላይ ትንሽ ሳጥን አስረው ይውላሉ፤ በር ባለፉ ቁጥር አንድ ዕቃ ይመዘግባቸዋል። «ላሞቹ ኢቃማ ነበራቸው፤ እኔ አልነበረኝም» ይላል፤ ኢቃማ የሚለው የመኖሪያ ፈቃዱን ነው። አገሩ ገብቶ ከአባቱ ጋር ከብት ማድለብ ሲጀምር፣ ያችን ሳጥን ሳያመጣ እንቅልፍ እንደማይወስደው አውቀን ነበር። አንድ እዚያው የቀረ ጓደኛው አሮጌ አንባቢና ታግ የሚባሉትን ሳጥኖች አንድ ከረጢት ሙሉ ላከለት።

ዕቃው ባሕሩን በደህና ተሻግሮ አዲስ አበባ ደረሰ፤ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተጫነ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው «ሮቢት» ብቻ ነበር። ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ደግሞ ሮቢት ሁለት ናት። መጀመሪያ ሸዋ ሮቢት አለች፤ ከዚያ አጣዬንና ካራ ቆሬን አልፎ፣ ከሚሴ ሳይደረስ ጨፋ ሮቢት ትገኛለች። ሁለቱም ስማቸው ላይ የሮብን ገበያ ተሸክመዋል፤ ጎረቤታቸው ሰንበቴ እሁድን እንደያዘችው ማለት ነው። ረዳቱ የመጀመሪያዋን ሮቢት ሲያገኝ ካርቶኑን አወረደና ሄደ። የጠፋ ከብት ሊፈልግ የመጣው ዕቃ ራሱ ጠፍቶ አራት ቀን ተፈለገ። የተገኘውም በሰው በሰው ነው፤ ሹፌር ለሹፌር፣ ሻይ ቤት ለሻይ ቤት ሲጠያየቅ።

ጨፋን ለማያውቅ ሰው፦ ቦርከና ወንዝ ከኮምቦልቻ በኩል ወርዶ ሜዳው ላይ ሲደርስ ይሰንፋል፤ ይተኛል፤ ረግረግ ይሆናል። በበጋ አገሩ ሁሉ ሲነድ ይህ ረግረግ ሣር አያጣም። ስለዚህ አፋሮች ከቆላው ከብታቸውን እየነዱ ይመጣሉ፤ የአካባቢው ኦሮሞና አርጎባም እዚያው ያሰማራል። በዚያ ወቅት ጨፋ ሜዳ ላይ ቆሞ ከብቱን ልቁጠር የሚል ሰው ፀሐይ መትቶታል ማለት ነው።

አጎቴ ደግሞ ከነጭራሹ ከብት መቁጠር አይወዱም። ቁጥር ዓይን ይጠራል ይላሉ። ከብቶቻቸው 12 ናቸው፤ ይህን የቆጠርኩት እኔ ነኝ። እሳቸው «ቦራ አለች፣ ጉራቻ አለ፣ ዳለቻ አለች፣ ቡሬ አለ» እያሉ እስኪያልቁ ይጠሯቸዋል እንጂ፣ 12 የሚል ቃል ካፋቸው አይወጣም። ልጃቸው ታጎቹን ከካርቶን ሲያወጣ አንዱን አንስተው አገላበጡትና፣

«ልጄ፣ ይሄ ሎቲ ነው ቃጭል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ያለ ሰሌዳ ማስረዳት የማልችል ሰው ነኝ፤ መሬት ላይ በእንጨት ጫርኩላቸው። ታግ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፓሲቭ የሚባለው ባትሪ የለውም፤ አንባቢው ተጠግቶ ሞገድ ሲልክበት ብቻ፣ በዚያው ሞገድ ጉልበት ቁጥሩን ይመልሳል። ስሙ ሲጠራ ብቻ «አቤት» የሚል ተማሪ በሉት። በዓለም አቀፍ ደረጃ የተለመደው የከብት ጆሮ ታግ እንዲህ ያለ ነው፤ በ134.2 ኪሎ ኸርዝ ይሠራል፤ ቁጥሩ 15 አኃዝ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አገርን ሊያመለክቱ ይችላሉ። የኢትዮጵያ 231 ነው። (አጎቴ 251 ያልኩ መስሏቸው «ከብቱም ስልክ አወጣ?» ብለዋል።) ሁለተኛው፣ የእኛው፣ አክቲቭ የሚባለው ነው፤ የራሱ ባትሪ አለው፤ ማንም ሳይጠይቀው በየጥቂት ሰከንዱ «አለሁ፣ አለሁ» ይላል። ገላጣ ሜዳ ላይ ድምፁ መቶ ሜትር ያህል ሊሄድ ይችላል። አንባቢው ቁጭ ብሎ ያዳምጥና የሰማውን በኬብል ለኮምፒውተር ያቀብላል።

«እንግዲያው ቃጭል ነው» አሉ አጎቴ። «የሚሰማው ማሽን ብቻ ሆነ እንጂ።»

ይህን ያህል ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያጠረ ትርጉም አላገኘሁም።

ሐሳቡ የዛሬ እንዳልሆነም ነገርኳቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ራዳር ሲያገኛቸው «ወዳጅ ነኝ» ብሎ የሚመልስ መሣሪያ ይሸከሙ ነበር፤ ሌሊት ጥበቃው «ማነህ?» ሲል እኛ እንደምንመልሰው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የአቶም ቦምብ የተሠራበት የሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ፣ የግብርና መሥሪያ ቤቱ ጠይቆት፣ ለላም የሚሆን ታግ ሠርቷል። አጎቴ ትንሽ ዝም አሉና፣ «ተውበት ነዋ» አሉ።

ሥራ ጀመርን። በከብቶቹ አንገት ላይ ታግ አሰርን። አንባቢውን በረቱ በር ላይ ሰቀልነው፤ ኬብሉን 15 ሜትር ርቆ ወዳለው ክፍል ዘረጋነው፤ ላፕቶፑን ሰካነው። ምንም የለም። የአጎቴ ልጅ ወገቡን ይዞ ፍርዱን ሰጠ።

«ኔትወርክ የለም።»

ይህችንና እህቷን «ሲስተም የለም»ን ያላወቀ አገሬን አያውቅም። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ትላለች፤ የወረፋው ፊተኛ ተቀብሎ ለኋለኛው ያስተላልፋል፤ በር ላይ ያለው ጥበቃ ገና ለሚመጣው ይናገራል፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ከተማው ሁሉ ሰምቷል። ሲስተሙን ያየው ሰው ግን የለም። እንደ ጅኒ ነው፤ መኖሩ የሚታወቀው ሰው ሲያውክ ብቻ ነው።

«የምን ኔትወርክ?» አልኩት። «ያ በረትህ፣ ይሄ ክፍልህ፤ መሐላቸው ያለው 15 ሜትር ሽቦ ነው። ከየት ነው የሚመጣልህ?»

«እኔ እንጃ፤ ብቻ የለም።»

ያዳነን እንግዳ ነው። የአጎቴ የዱሮ ወዳጅ፣ በጋ በመጣ ቁጥር ከብቱን ይዞ የሚመጣ አፋር፣ በዚያው ሰዓት ደረሰ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከግራሩ ሥር ተቀመጡና ዳጉ ጀመሩ። አፋሮች ሲገናኙ «ቸኩያለሁ» ብሎ ማለፍ የለም፤ ተቀምጦ ወሬ መለዋወጥ ግዴታ ነው፤ ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት አለ፣ ማን ታመመ፣ መንገዱ እንዴት ነው። እንደ ገበያ ወሬ ግን አይደለም። ያየኸው ነው የሰማኸው? ከሰማኸው ከማን? መቼ? እየተባለ ይበጠራል፤ በሚገባ ያልተጣራ ወሬ የሚያቀብል ሰው ስሙን ያጠፋል። አጎቴ እየቆራረጡ ሲተረጉሙልኝ፣ ኬብል በእጄ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። እኛ «የብልሽት ፍለጋ» ብለን አንድ ምዕራፍ ሙሉ የምናስተምረው ነገር፣ ከግራር ሥር ያለ ጠመኔ ሲሰጥ አየሁ።

«በል ና፣ ዳጉ እንቀመጥ» አልኩት የአጎቴን ልጅ። «መብራት አለ?»

«አለ።»

«አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?»

«ጎረቤት አለ ብሎኛል።»

ሄደን አየን። ጎረቤት መብራት ነበረው፤ የእኛ አንባቢ ግን ጨልሟል። የተሰካበት ዲቫይደር ላልቶ ነበር። ገፋ ሳደርገው በራ።

«ኬብሉስ ደህና ነው?»

«ደህና ነው፤ አዲስ ነው።»

«አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?»

«ሻጩ ነው ያለኝ።»

ሽቦውን እየተከተልን ስንሄድ ሰባተኛው ሜትር ላይ ፍየል አገኘን። የጨፋ ፍየል በቅጠል፣ በካርቶንና በኔትወርክ ኬብል መካከል ልዩነት አታይም። የቀረውን ከአፏ ተሻምተን ሌላ ዘረጋን፤ በዚህ ጊዜ በጣሪያው በኩል። አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ብልጭ አለች። ላፕቶፑ ግን አሁንም አንባቢውን አያውቀውም።

እዚህ ላይ የቀበሌ ጉዳይ ይመጣል። ኔትወርክ ላይ ያለ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ በነጥብ የተነጠሉ አራት ቁጥሮች ያሉት አድራሻ አለው። እንደኛ ባለ ትንሽ ኔትወርክ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ቀበሌው ናቸው፤ አራተኛው የቤት ቁጥሩ። አንባቢው ይዞ የመጣው 192.168.1.200 ነበር፤ የእኛ ላፕቶፕ 192.168.0.15። አንድ ግቢ፣ አንድ ገመድ፣ ሁለት ቀበሌ። የቀበሌ ጣጣ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ አጥር ለአጥር ብትሆንም «የአንተ እዚያ ነው» ተብለህ ትመለሳለህ። ላፕቶፑን ያለ መሸኛ ለጊዜው ወደ አንባቢው ቀበሌ አዛወርኩት፤ ገብቼ አንባቢውን የእኛ ቀበሌ ነዋሪ አደረግሁት፤ ላፕቶፑንም ወደ ቤቱ መለስኩት። አዲሱን አድራሻ አንባቢው ጀርባ ላይ በማርከር ጻፍኩት። ይህን ያላደረገ ሰው ከስድስት ወር በኋላ ራሱን ይረግማል።

ከዚያ ፒንግ አደረግሁ። ፒንግ ሰላምታ ነው፤ ኮምፒውተሩ «አለህ?» ይላል፤ ወዲያ ያለው «አለሁ» ይላል። የእኔ ላፕቶፕ አራት ጊዜ ጠይቆ ያቆማል። አጎቴ አራቱን መስመር አይተው ምን እንደተባባሉ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«በቃ? ልጆቹን አልጠየቀም? ከብቱን አልጠየቀም?»

በወሎ ሰላምታ ሚዛን ፒንግ ባለጌ ነው።

ፕሮግራሙን ከፈትኩት። ቁጥሮቹ እንደ ሮብ ገበያ ጎረፉ። መጨረሻው መስመር ላይ «በበረት ያሉ ከብቶች፦ 52» ይላል።

በረቱ ውስጥ ያሉት 12 ናቸው። የአጎቴ ልጅ «በረካ ነው» ብሎ ሳቀ። አጎቴ አልሳቁም፤ መቁጠር ያሳንሳል ብለው ሲፈሩ ማሽኑ ሲያበዛባቸው የሚሉት ጠፋቸው። እንግዳቸው ግን በአጎቴ በኩል አንዲት ጥያቄ ላከልኝ፤ «አርባውን ያያቸው ማን ነው?»

ማንም። ተሰምተዋል እንጂ አልታዩም። ፕሮግራሙ ከየታጉ ቁጥር ጎን የድምፁን ብርታት ይጽፋል፤ እሱን መመልከት ጀመርኩ። የ12ቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከብት ነውና ይዞራል፣ ይጋፋል፣ አንዱ ከሌላው ጀርባ ይሆናል። የአርባዎቹ ግን አንድ ወጥ ነው። አርባ ከብት ቆሞ አንዱም ጭራውን አይወዘውዝም። አንባቢውን ከበሩ ነቅዬ፣ ገመዱ እስከፈቀደልኝ ድረስ በእጄ ይዤ መሄድ ጀመርኩ። ወደ በረቱ ስዞር ድምፃቸው ይደክማል፤ ወደ ክፍሉ ስመለስ ይበረታል። ጠረጴዛው ጋ ስደርስ ጣራ ነካ። መሳቢያውን ሳብኩት። አርባ ትርፍ ታግ፣ በፌስታል ተቋጥረው፣ ተኝተው «አለን፣ አለን» ይላሉ።

ባትሪ ያለው ታግ አንገት ላይ ይሁን መሳቢያ ውስጥ አያውቅም፤ ሥራው መጮህ ነው። ባዶ የብስኩት ጣሳ ፈልገን ከተትናቸውና ክዳኑን ገጠምን፤ ብረት ሞገድ ይጋርዳልና ከአርባ ከብት አንድም ትንፋሽ ጠፋ። ያን ቀን ማታ ስለ ሌሎች መሳቢያዎች አሰብኩ። በየዓመቱ በሪፖርት የተተከለ ችግኝ፣ በሪፖርት የተቆፈረ ጉድጓድ፣ በሪፖርት የሠለጠነ ሰው፤ ስንቱ በፌስታል ተቋጥሮ «አለሁ» ይል ይሆን?

በማግሥቱ ቀኑ ተበላሸ። ማሽኑ ቦራ በረት የገባችው ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ነው አለ። የአንባቢው የሰዓት ባትሪ አልቆ ኖሮ፣ መብራት ሲሄድ ሰዓቱ ወደ ዜሮ ተመልሷል፤ ብዙ ኮምፒውተሮች ዘመን መቁጠር የሚጀምሩት ከዚያች ቀን ነው። በእኛ ሲመነዘር ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.። ቦራ የሦስት ዓመት ጊደር ናት፤ እንደ መዝገቡ ግን በጃንሆይ ዘመን ገብታለች።

«በስድሳ ሁለት እኔ ራሴ እረኛ ነበርኩ» አሉ አጎቴ። «ቦራን አላየኋትም።»

ምስክር ስለተገኘ ባትሪውን ቀየርን፤ ሰዓቱን አስተካከልን። ያኔ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፤ ጠዋት 1 ሰዓት የወጡትን ከብቶች ማሽኑ 7:00 ብሎ ጻፋቸው። አጎቴ «እስከ ሰባት ሰዓት ሣር ነፍጋችሁ አዋላችኋቸው?» ብለው ተቆጡ። ይህን የሚጠግን ኬብል በዓለም ላይ የለም። ስክሪኑ ጎን «ስድስት ቀንስ» የሚል ወረቀት ለጠፍን።

ከዚያ ወዲህ የቀረው የጆሮ ጉዳይ ነበር። ከብቶቹ ወጥተው ከአጥሩ ማዶ ሲግጡ፣ አንባቢው አሁንም ስለሚሰማቸው «በረት ናቸው» ይላል። መስማቱ በዝቶበታል ማለት ነው፤ የመስማት አቅሙን ከፕሮግራሙ ቀነስንለት፤ አንቴናውንም ወደ ውስጥ አዞርነው። በሦስተኛው ቀን ማታ መዝገቡ ልክ እንደ በረቱ «12» አለ። የአጎቴ ልጅ አቅፎ ሳመኝ። ቡናው ቀረበ፤ እኔም መሐንዲስነቴን ተቀብዬ ፍራሹ ላይ ተደላደልኩ።

አጎቴ በረቱ በር ላይ እንደቆሙ ነበር።

«ቦራ የለችም።»

«አባ፣ አለች» አለ ልጃቸው፣ ላፕቶፑን እያዞረ። «ይኸው፤ 12።»

«እሱን አላውቅም። ቦራ የለችም።»

«ማሽኑ እኮ እየሰማት ነው!»

«ይስማት። እኔ አላየኋትም።»

የእጅ ባትሪ ይዘን ወጣን። ቦራን ከጎረቤት የማሽላ አገዳ ክምር ላይ አገኘናት፤ እንደ ሠርገኛ እየበላች። ቃጭሏ አንገቷ ላይ የለም። በረቱ አጥር ላይ አንገቷን ስታክ ማሰሪያው ተበጥሶ፣ ታጉ እሾህ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። እሱ ግን ሥራውን አላቋረጠም፤ በየጥቂት ሰከንዱ «አለሁ፣ አለሁ» እያለ ነበር።

ያኔ ስሙን መሳሳታችን ገባኝ። አንባቢ አልነው እንጂ ይህ ዕቃ አያነብም፤ ይሰማል። የሰማውን ይጽፋል፤ የጻፈውን ደግሞ እኛ ያየነው ያህል እናምናለን። ልወቅሰው አይደለም። የአጎቴ ልጅ እንደሚለው፣ ሌሊት አንድ ከብት ከበር ሲወጣ ከሰው ጆሮ እሱ ይቀድማል፤ አጎቴም መተኛት አለባቸው። አሁን ሥራ ተከፋፍለዋል። ሌሊት ማሽኑ ይሰማል፤ ማታና ጠዋት አጎቴ ያያሉ፤ ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ዳጉ ይቀመጣል። ግቢው ውስጥ «ኔትወርክ የለም» ማለት ክልክል ሆኗል፤ ያለ ሰው መጀመሪያ ሄዶ ኬብሉን ያያል፣ ቀጥሎ ፍየሏን።

እርስዎም አንባቢ ነዎት፤ ይህን ሁሉ የሰሙት ከእኔ ነው፤ አላዩትም። ላጣራ ካሉ መንገዱ ቀላል ነው፤ ሮብ ቀን ይምጡ፤ ገበያውንም፣ ቦራንም፣ የብስኩት ጣሳውንም ያያሉ። ረዳቱ «ሮቢት ወራጅ!» ሲል ግን ቶሎ እንዳይነሱ። እሷ ሸዋ ሮቢት ናት፤ ገና ነው።